ዌብሶኬት ይብዛልን!

የደብረ ብርሃን ፕሮግራመር ይባረክ! ውርጭ ያጠነከረው ልጅ ነው፣ ቀላል ነገር አይነካም።

አንድ ወዳጄ የእህል ዋጋ የሚያሳይ ገጽ ሠራ። ጤፍ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ስንዴ። ዋጋው የሚሞላው በገበያ ቀን ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ ነው። ሰው አይቶ ይሄዳል እንጂ ምንም አይልክም። እና ይሄን በምን አደረሰው? በዌብሶኬት! ሁለቴ ለምትቀየር ዋጋ ቀኑን ሙሉ የማይዘጋ፣ ከወዲያም ከወዲህም የሚያነጋግር መስመር። አበጀህ አልኩት። ገበሬው ድንገት ዋጋውን ለሚልከው ኮምፒውተር፣ ለሰርቨሩ፣ «እንዴት አደርክ» ማለት ቢያምረውስ?

እኔ ጅሉ «ገጹ በየአምስት ደቂቃው ራሱ ቢጠይቅስ?» ብዬ ነበር። ፖሊንግ ማለቴ ነው። ማኪያቶ የያዙት ሁሉ ሳቁብኝ። ፖሊንግ ሲቪ ላይ አያምርማ! ሎንግ ፖሊንግስ፣ ሰርቨሩ አዲስ ነገር እስኪያገኝ ጥያቄውን ይዞ ቢቆይ? የአያቶች ነው ተባልኩ። ሰርቨር ሴንት ኤቨንትስ ስል ደግሞ ጭራሽ ዝም አሉ።

ይሄኛው እንኳ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አልነበረም። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሆነው አንኮበር ሳሉ ነጋሪት ይጎሰማል፣ አዋጅ ይነገራል፣ ሕዝቡ ይሰማል፣ በቃ። እዚህም ሰርቨሩ ይናገራል፣ ብራውዘሩ ይሰማል። ማንኛውም ድረ ገጽ በሚመጣበት መንገድ፣ በተራው ኤችቲቲፒ ነው የሚሄደው፤ መስመሩ ሲቋረጥ ብራውዘሩ ራሱ መልሶ ይገናኛል፣ ሰርቨሩ ለመልእክቶቹ ቁጥር ከሰጠም «መጨረሻ የሰማሁት ይሄን ነው» ብሎ ካቆመበት ያስቀጥላል። እንከን የለውም አልልም። በቆየው የኤችቲቲፒ ዓይነት፣ በ1.1፣ ብራውዘር ለአንድ ሳይት ከስድስት መስመር በላይ ስለማይከፍት ሰባተኛው ታብ ተገትሮ ይቀራል። ግን የባቄላ ዋጋ በሰባት ታብ የሚያይ ማነው?

ዌብሶኬት ክብር ነው። በፈረንጆቹ 2011 ደረጃው ሲወጣ ጀምሮ «ለቻትና ለጌም ነው» የሚሉ አሉ፣ ምቀኞች ናቸው። ሲቋረጥ ራሱ አይመለስም፤ ወዳጄ መመለሻውን ኮድ ቁጭ ብሎ ሦስት ሳምንት ጻፈው። ጎበዝ! መስመሩ በሕይወት መኖሩን በየጊዜው የሚጠይቀውን ብቻ ረሳው። ትንሽ ነገር ናት።

አጎቴ ጤፍ ጭነው ከደብረ ሲና ሲመጡ ጣርማበር ዋሻው ጋ ኔትወርክ ጠፋ። ሰርቨሩ መስመሩን ዘጋ፣ ስልካቸው አልሰማም። ደብረ ብርሃን ሲገቡ የጠዋቱ ዋጋ እንዳለ ነው፣ ከጎኑ «ቀጥታ» የምትል አረንጓዴ ነጥብ ቦግ ብላለች። በዚያው ዋጋ ሸጡ። ከሰዓት ጨምሮ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ይቺ አረንጓዴ ምን ስትል ነው የምትበራው?» አሉኝ።

ወዳጄን ጠየቅኩት። «ኔትወርኩ ነዋ!» አለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም፣ ይኸው ሰሞኑን የቪዲዮ ጥሪ የሚሠራበትን ዌብአርቲሲ እያጠና ነው። የጤፉን ዋጋ ሊያስገባበት።