ማክሰኞን ማን ይጠብቃታል?

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። አንዱ ጓደኛዬ ላፕቶፕ መግዣ ብር አጠራቅሟል። ግን አይገዛም። ለምን ስለው «ዊንዶውስ 12 እስኪወጣ ልጠብቅ» አለኝ። መቼ ነው የሚወጣው? «ዘንድሮ ነው ይላሉ።» ማን ነው የሚለው? «ሰዎች።» አምናም እዚሁ ካፌ ይህንኑ ነግሮኝ ነበር። ያኔም የነገሩት ሰዎች ናቸው።

ግምቱን አልነቅፍም፤ እኔም እወደዋለሁ። ሎተሪ ማለት ነው፣ ትኬቱ ግን ነፃ። ለመገመት የሚሆን ፍንጭም አይጠፋም። ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ልንገራችሁ። ዊንዶውስ ኤክስፒ የወጣው ጥቅምት 15 ቀን 1994 ነው። ዊንዶውስ 7 ጥቅምት 12 ቀን 2002። ዊንዶውስ 8 ጥቅምት 16 ቀን 2005። ዊንዶውስ 11 ትንሽ ቀደም አለ፤ መስከረም 25 ቀን 2014። የዊንዶውስ ሠሪ ማይክሮሶፍት የእኛን ጥቅምት ወዶት አይደለም። ፈረንጆቹ ለገና መሸመት ሲጀምሩ አዲሱ ኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ወሩን ብትጠይቁኝ ጥቅምት አካባቢ እላለሁ። ዓመቱን ግን አትጠይቁኝ።

ገማቹን ሁሉ ጉድ የሚሠራው ዓመቱ ነው። ከኤክስፒ በኋላ የሚመጣው ዊንዶውስ ሎንግሆርን የሚል የሥራ ስም ነበረው። ሁለት ዓመት ገደማ ይበቃዋል ተብሎ ነበር። ሥራው ተወሳሰበና በ1996 ክረምት ኩባንያው የደከመበትን ወደ ጎን ትቶ በሌላ መሠረት ላይ እንደ አዲስ ጀመረ። በመጨረሻ ቪስታ ተብሎ ገበያ ላይ የዋለው ጥር 22 ቀን 1999 ነው። ከአምስት ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው። በተቃራኒው ደግሞ በ2007 ሚያዝያ መጨረሻ፣ ቺካጎ ውስጥ በተደረገ የኩባንያው ጉባኤ ላይ፣ አንድ የማይክሮሶፍት ባለሙያ ዊንዶውስ 10 የመጨረሻው ዊንዶውስ ነው ብሎ ተናገረ። ከስድስት ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ 11 ከች አለ። የቤቱ ሰው እንዲህ ከሳተ እኛ ከማኪያቶ አረፋ ላይ ምን እናነባለን? ስለ 12ም ቢሆን በ2024 እ.ኤ.አ. ይመጣል ብለው የጻፉ ብዙ ነበሩ። በዚያ ዓመት የመጣው 24ኤች2 የሚባል የዚያው የ11 ማሻሻያ ነው። ቀጥሎ መስከረም 20 ቀን 2018 መዳረስ የጀመረው 25ኤች2 ደግሞ ከ24ኤች2 ጋር አንድ ዓይነት ኮድ ነው። ቀድሞ ማሽኑ ውስጥ የተቀመጠውን የሚከፍት ትንሽ ቁልፍ ብትሉት ይሻላል።

ቪስታን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ከባድ ነው፣ ይንቀራፈፋል ተብሎ ተሰድቧል፤ ስድቡም ይገባው ነበር። እኔ ግን ውለታው አለብኝ። ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፊደል አብሮ ይዞ የመጣው እሱ ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ ለመጻፍ ለብቻው ፕሮግራም ይጫናል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ደግሞ ፊደሎቹን የሚወክልበት የራሱ ኮድ አለው። አራት ኪሎ የተተየበ ደብዳቤ ሜክሲኮ ያለ ቢሮ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጠብጣብ ገንፎ ይሆናል። ስለዚህ ጽሑፉን ስትልክ ፊደሉንም አብረህ ትልካለህ። ዛሬም የድሮ ፋይል ያላቸው ቢሮዎች ይህ ጣጣ አልለቀቃቸውም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቪስታ ደግሞ ማንም ሳይጭነው ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዲገኝ አደረገው። ለእኛ ከመስኮቱ ጌጥ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነበር። ቪስታ መቼ ይወጣል እያሉ ሲገምቱ ከነበሩት ውስጥ ይህን የገመተ ሰው አላጋጠመኝም።

ለማንኛውም፣ መሐል አዲስ አበባ ላይ ዊንዶውስ የሚወጣው በጥቅምት አይደለም። የሚወጣው ዕቃ ሲመጣ ነው። አብዛኞቻችን የምንገዛው ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ሻጩም ከዋጋው በፊት የሚነግርህ «ስምንተኛ ጄኔሬሽን ነው» ብሎ ነው። ወዶ አይደለም። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰር ደግሞ በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም። ሰባተኛ ከሆነ ማሽኑ ቢበርም በር ላይ ይመለሳል። በጓሮ በር የሚያስገቡ ልጆች አሉ። እንዲህ ለገባ ኮምፒውተር ግን ማይክሮሶፍት የአፕዴት፣ ማለትም በየጊዜው የሚልከው ማሻሻያና መጠገኛ፣ ዋስትና አልሰጥም ብሏል።

የምፈልገው ነገር ላይ ደረስኩ፤ አፕዴት።

ላፕቶፔን ፎርማት ላስደርግ አንድ ሱቅ ሰጥቼ ነበር። ልጁ ጎበዝ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሶ አስረከበኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምርቃት እንደሚሰጥ ሰው፣ «አፕዴቱንም ዘግቼልሃለሁ ብሮ፣ ዳታ እንዳይበላብህ» አለኝ። አመሰገንኩት። ከልቤ ነው ያመሰገንኩት! ዳታ ብር ነው። መብራቱም አለ። አንድ ጊዜ ቢሮ ውስጥ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) የሌለው ዴስክቶፕ ላይ ሥራ ጨርሼ ልወጣ ስል አፕዴት ጀመረ። ኮምፒውተሩን እንዳታጠፉ ይላል። እኔ አላጠፋሁትም፤ መብራት ሄደ። በማግስቱ ጠዋት እስኪነሳ ድረስ የጸለይኩትን ጸሎት ለፈተና እንኳ አልጸለይኩም። እንዲህ ያየ ሰው አፕዴትን ቢጠላ አይፈረድበትም።

የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ማንም ቀኑን የማያውቀውን 12ን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ላም አለኝ በሰማይ። ቀኑ የሚታወቀውን ግን ዘግተንበታል። ማይክሮሶፍት የደኅንነት መጠገኛዎቹን የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ነው። እነሱ ጋ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን ይለቁታል። እኛ ጋ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ግምት አያስፈልገውም። ወሬም የለውም። ካፌ ውስጥ «የዚህ ወር ማክሰኞ መቼ ነው?» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ይህች ማክሰኞ ምን ያህል እንደምታወጣ በ2009 ታይቷል። መጋቢት 5 ቀን፣ ማክሰኞ፣ አንድ መጠገኛ ተለቀቀ። ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ፋይል የሚለዋወጡበት ክፍል ላይ የነበረን ቀዳዳ የሚደፍን ነው። ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገባ። ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ይጠይቃል። በጥቂት ቀን ውስጥ ከ150 በላይ አገሮች ተዳረሰ፤ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን መታ። እንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰርዘው በሽተኛ እስከመመለስ ደረሱ። ከተጠቁት አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የጫኑ ነበሩ። ዊንዶውስ 7 ደግሞ ያኔ ድጋፉ አላለቀም ነበር። መድኃኒቱ ሁለት ወር ሙሉ በር ላይ ቆሞ ነበር። አልተከፈተለትም።

ዊንዶውስ 10ም የተሸኘው በማክሰኞ ነው፤ ጥቅምት 4 ቀን 2018። ከዚያ ወዲህ መደበኛ መጠገኛ የለውም። ለግለሰብ ተጠቃሚ የአንድ ዓመት ተጨማሪ ጊዜ፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019፣ ተፈቅዷል። መመዝገብ ግን ይጠይቃል። ወይ 30 ዶላር ይከፈላል፣ ወይ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ወደ ኩባንያው ማስቀመጫ መላክ ነው። ሁለተኛው ብር አያስወጣም። ዶላር ከየት አምጥቼ ለሚል ሰው መውጫው ይኸው ነው። አፕዴቱ የተዘጋበት ሰው ግን ይህ ዕድል እንዳለ የሚነግረው ማስታወቂያ እንኳ ላያየው ይችላል።

የዳታው ነገርም ቢሆን መላ አለው። መዝጋት ሳይሆን ማዘግየት ይቻላል፤ እስከ 35 ቀን። ቢሮ ከሆነ ደግሞ አንዱ ኮምፒውተር ያወረደውን ሌሎቹ በውስጥ ኔትወርክ እንዲቀባበሉ የሚያደርግ ሴቲንግ አለ። አሥር ኮምፒውተር አሥር ጊዜ ማውረድ የለበትም። ለሠሪው ልጅ ይህን ብትነግሩት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። እኔ ለራሴው ልጅ ነግሬዋለሁ። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለኝ።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ገንዘቡን ይዞ ሰው የነገረውን ቀን ከሚጠብቅ ዛሬ 11ን የሚችል ማሽን ቢገዛ ይሻለዋል። ይህንን ነገርኩት። አልተቀበለኝም፤ ግትር ነው። ቢያንስ የያዝከውን እንየው ብዬ አሮጌ ላፕቶፑን ከቦርሳው አስወጣሁት። ዊንዶውስ 10። የመጨረሻ መጠገኛ የገባለት የካቲት 2016 ነው። የካፌውን ዋይፋይ አስገባንና የተዘጋውን ከፈትን፤ ፈልግ አልነው። መዓት ደረደረልን። ማውረድ ጀመረ። ሁለት ከመቶ። አምስት። እዚያ ላይ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዝን።

«ይኸው» አለ ጓደኛዬ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ። «12 ደረሰ።»

ከመቶ ነው።