ክቡር ባለ ላውድ፣ እግዜር ይስጥልን

ባለፈው ቅዳሜ ከላምበረት መናኸሪያ ደብረ ብርሃን ምትሄድ ሃይሩፍ ውስጥ ገብቼ ገና ቂጤን ሳላሳርፍ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ስልኩን አውጥቶ ድምፁን ጥግ ድረስ ሲለቀው፣ እውነቴን ነው ምላችሁ፣ አይኔ እንባ አቀረረ። የደስታ ነው እንግዲህ። 130 ኪሎ ሜትር ሙሉ ከራሴ ሀሳብ ጋር ብቻዬን ልቀር ነበር እኮ።

ሰውዬውን ታውቁታላችሁ። ስም አያስፈልገውም፣ በየመኪናው አንድ አለ፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ማውጫው ጋ አለ፣ ባንክ ወረፋ ላይ አለ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ንፍሮው እየዞረ ድንኳኑ ጥግ ቁጭ ብሎ አለ። ኤርፎን ቸግሮት እንዳይመስላችሁ። ሱቅ በደረቴው በመስኮት አንገቱን አስገብቶ "ኤርፎን፣ ቻርጀር፣ ፓወር ባንክ" ሲለው "አለኝ ባክህ" ብሎ ነው የመለሰው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አለው። ግን ደግ ሰው ነው፣ ያለውን ለብቻው መብላት አይሆንለትም።

ይሄ ነገር በነገራችን ላይ ጃፓኖችንም አስጨንቋቸው ነበር። ሶኒ በ1979 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ዎክማን፣ ያቺን እየሄዱ ሚሰሙባትን ትንሽዬ ቴፕ፣ ሲያወጣ የኤርፎን መሰኪያ ቀዳዳዋ ሁለት ነበር፣ ሰው ብቻውን ሰክቶ ሲሰማ አጠገቡ ያለውን የናቀ እንዳይመስል፣ ሁለት ሆነው እንዲሰሙ ተብሎ። ምስኪኖች፣ ሁለት ሰው! የኛው ሰውዬ አንዲት ክንድ ሽቦ ሳያባክን ከነሹፌሩ ከነረዳቱ ከነትርፉ አሥራ ስምንት ነፍስ ነው ያሰማው።

ዝግጅቱ በቲክቶክ ላይቭ ተከፈተ። ሁለት ሰዎች ባትል ገጥመው "ታፕ ታፕ አርጉ፣ ስክሪኑን ንኩት፣ አንበሳ የሚልክ የለም ወይ" እያሉ እስከ ሰንዳፋ ጮሁ። በምን እንደተጣሉ አልገባኝም፣ እነሱም የገባቸው አይመስለኝም። የስልክ ስፒከር ደግሞ ጥፍር ስለሚያክል ወፍራሙን ድምፅ ማውጣት አይችልም፣ ቀጭኑን ነው ሚያወጣው፣ ያውም ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ያለውን፣ የሰው ጆሮ ከሁሉ አብልጦ ሚሰማውን፣ ስለዚህ አይሰማም፣ ይወጋል። ሹፌሩ የራሱን ዘፈን ከፍቶ ነበርና ባለ ላውዳችን "ሹፌር፣ እስኪ ቀንስልን ወንድሜ፣ አልሰማ አለኝ" አለ። ቀነሰለት! መብቱን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው።

ከጎኑ ደግሞ ተተኪው ትውልድ ተቀምጧል። አለልቱን አለፍ ስንል ፐብጂ ከፈተ። ለማታውቁት፣ 100 ሰው ካውሮፕላን ዘሎ ደሴት ላይ ይወርድና ሲታኮስ ይቆያል፣ መጨረሻ የተረፈው አሸናፊ ነው፣ የዶሮ እራት ይገባሃል ተብሎም ይጻፍለታል (ዶሮው የለም፣ እንዳትጠብቁ)። ጨዋታው ላይ ምንም ቂም የለኝም፣ እኔም እጫወታለሁ፣ ቀድሜ ምሞተውም እኔ ነኝ።

ግን የመጀመሪያው ተኩስ ሲንጣጣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ስበው ወንበሩ ስር ድፍት አሉ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ማናችንም አልተነፈስንም። በዚህ ሰሞን እዚህ አገር፣ በዚህ መንገድ፣ የጥይት ድምፅ ምን እንደሆነ ለማን ነው ሚነገረው? እውነተኛውን ሰምቶ መኪና ውስጥ የተደፋ፣ መንገድ ተዘግቶ ሜዳ ላይ ያደረ ስንት ሰው አለ? ልጁ ሳቀ። "ጌም ነው እማማ" አላቸውና ቀጠለ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ እያየ ቀጠለ፣ አንድ ነጥብ እንኳ ዝቅ አላደረገውም። ይሄ አራዳነትም ወጣትነትም አይደለም፣ ብልግና ነው፣ አንድ ቃል ሳንተነፍስ ቁጭ ያልነው እኔና ሌሎቹም ከሱ አንሻልም። ያቺን እጅ እስካሁን እያየኋት ነው።

እሺ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ሸኖ ላይ ለጋ ቅቤ ሚገዙት ወርደው ገዝተው ተመለሱና ልክ እንደተነሳን ትልቁ ዝግጅት ጀመረ፣ ባለ ላውዳችን ስልክ ተደወለለት። የሱ አይነት ሰው ስልክ ጆሮው ላይ አያደርግም፣ እንደ ዳቦ አፉ ፊት ለፊት ነው ሚይዘው፣ ሊገምጠው ሲል ሀሳቡን የቀየረ ይመስላል። አክስቱ ናቸው። ስማቸውን አውቀዋለሁ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ግን አንናገርም፣ ጨዋዎች ነን። "እንደምን ዋልክ ልጄ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ፣ እናታቸውስ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ እህሉ እንዴት ነው" ብለው ሰላምታው ብቻ ሦስት ኪሎ ሜትር ፈጀ።

ጉዳዩ ቀዩ በሬ ነው። ቀዩ በሬ ሊሸጥ ጫጫ ገበያ ወርዷል። ባልየው አይሸጥም ብለው ነበር፣ አማችየው ነው በሌሊት ነድቶ የወሰደው። ችግሩ ደሞ በሬው ለብቻው አያርስም፣ ከጎረቤት በሬ ጋር ተቀናጅቶ ነው ሚያርሰው፣ እሱ ከተሸጠ ጎረቤትየው ያንድ በሬ ጌታ ሆኖ ሊቀር ነው፣ ስለዚህ ጎረቤትየው ከጠዋት ጀምሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እህል አልቀምስም ብሏል። ይሄን ሁሉ አክስትየው ሲያወሩ ባለ ላውዳችን "እ... እ... በስመአብ... እ" ይላል፣ እኛም እ እንላለን።

አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ አላስቻላቸውም። "ቆይ፣ እርሻ ሳይደርስ የመቀናጆ በሬ ይሸጣል እንዴ?" አሉ ዞረው።

"ማነው እሱ?" አሉ አክስት ከስልኩ ውስጥ።

"ተሳፋሪ ናቸው እትዬ።"

"እግዜር ያክብርልኝ በላቸው፣ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው!"

ሽማግሌው "አብሮ ያክብርልን" አሉ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው። ከዛማ ተከፈተ። ቅቤ የያዘችው ሴትዮ አማችየውን ኮነነች፣ ረዳቱ የበሬውን ዕድሜ ጠየቀ፣ አንዱ ከኋላ ወንበር "አይኑ ያለቅሳል እንዴ? አይኑ ሚያለቅስ ከሆነ መሸጡ ይሻላል" አለ፣ ጥያቄው ተላለፈ፣ ግራ አይኑ ትንሽ እንደሚያለቅስ ተረጋገጠ፣ መኪናው ለሁለት ተከፈለ። ድፍት ብለው የነበሩት እናት ሳይቀሩ ቀና ብለው "ጎረቤት ይሻላል፣ በሬ ይተካል" አሉ። እኔ ራሴ አይሸጥ ባይ ሆኜ ከማላውቀው ሰው ጋር ስከራከር ራሴን አገኘሁት። መሀል ላይ አክስትየው የሞባይል ባንኪንጋቸው ገንዘብ አልልክ እንዳላቸው ተናገሩና "አንተ ሞክርልኝ" ብለው የሚስጥር ቁጥራቸውን ነገሩት። አራቱንም። ባለ ላውዳችን በትክክል መስማቱን ለማረጋገጥ ደገመላቸው። ረዳቱ በልቡ ሲደግመው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

ጫጫ ስንደርስ ኔትወርክ ተቆረጠ። እንደዛ አይነት ጭንቀት አይቼ አላውቅም፣ በሬው እዚሁ የሆነ ቦታ ቆሞ ይሆናል ብለን ግራ ቀኝ በመስኮት ከብት እንፈልጋለን። አንጎለላ አጠገብ ተመልሶ ያዘ። እዚች አንጎለላ ላይ ነው በ1836 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የተወለዱት፣ ስልክ የሚባለውን ነገር ወዳገራችን ያስገቡት እሳቸው። የዛን ዘመን ሰው ስልክ ላይ ቢጮህ አይፈረድበትም፣ የሐረር ሰው በሽቦ አዲስ አበባ ሲያወራ ካልጮኸ ሚሰማ አይመስለው ይሆናል። የኛው ደግሞ ሽቦውም የለም ርቀቱም የለም፣ ባህሉን ብቻ ነው ጠብቆ ያቆየው። ቅርስ ነው ሰውዬው።

አክስት ተመለሱ። "ተሸጠ" አሉ።

መኪናው ጸጥ አለ።

"ወይኔ!" አሉ ሽማግሌው።

"በስንት ወጣ ታዲያ እትዬ?" አለ ባለ ላውዳችን።

"ቆይ ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ ነጋዴው መጀመሪያ ሲጠራ..."

"ወራጅ አለ!"

ጠባሴ ደርሰናል። ስልኩን አፉ ፊት እንደያዘ፣ ሰው እየረገጠ፣ ወረደ። በሩ ሊዘጋ ሲል ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው በመስኮት ወጣ አሉና "አንተ ሰውዬ! ስንት ተሸጠ?" ብለው ተጣሩ።

ዞር አለ። ከላይ እስከታች አያቸው።

"የቤተሰብ ጉዳይ ነው አባባ፣ ምን አገባዎት?"