ማስተካከያ፦ ተለጣፊው ላይ ያለው ቁጥር ሴሪያል ቁጥር ላይሆን ይችላል

ባለፈው ብስክሌት ስለማስመዝገብ ስጽፍ «ከኮርቻው ሥር ባለው ቱቦ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ገልብጡ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። እንዲህ ያለው ተለጣፊ ብዙ ጊዜ የሚይዘው የሞዴሉን ቁጥር ነው። እሱን ደግሞ ያው ሞዴል ያለው ሰው ሁሉ ይጋራዋል። በዚያ ላይ ሌባ በጥፍሩ ልጦ ይጥለዋል።

ትክክለኛው ሴሪያል ቁጥር፣ ማለትም የአንዱ ብስክሌት ብቻ የሆነው መለያ፣ ብዙውን ጊዜ ፍሬሙ ላይ ተቀርጾ ነው የሚገኘው። ብስክሌቱን ገልብጡና በኮርቻውና በመሪው አቁሙት። የሁለቱ ፔዳል ክንዶች የሚገናኙበትን አጭር ወፍራም ቱቦ ሆዱን እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ጭቃ ስለሚሸፍነው በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። ከሌለ ከመሪው በታች ያለውን ቱቦ ወይም የኋላው ጎማ የሚታሰርበትን አካባቢ ፈትሹ። ስትጽፉ ዜሮና «ኦ» እንዳይምታቱባችሁ፤ አንዷ ፊደል ከተሳሳተች ፍለጋው ባዶ ነው። ፎቶም አንሱት፣ ከእጅ ጽሑፍ የተሻለ ይታመናል።

ሌላም አለ። «ከተሰረቀ በኋላ መመዝገብ ዋጋ የለውም» ማለቴም ልክ አልነበረም። ቁጥሩን ደረሰኝ ወይም የድሮ ፎቶ ላይ ካገኛችሁት አሁንም ይጠቅማል። ለምሳሌ ባይክ ኢንዴክስ የተባለው የኢንተርኔት መዝገብ የተሰረቀ ብስክሌትንም በነጻ ይመዘግባል። ለፖሊስ ማመልከቱ ግን አይቀርም፤ መዝገቡ ብስክሌቱ የት እንዳለ አይጠቁምም፣ ሲገኝ የማን እንደሆነ ነው የሚናገረው።

ሁለተኛ እጅ የምትገዙ ደግሞ፣ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ሴሪያል ቁጥሩን እንዲህ ያለ መዝገብ ላይ ፈልጉት። ፍሬሙ ላይ ቁጥሩን ተፍቆ ካገኛችሁት ይቅርባችሁ።