ባለጉዳይ የት ይቀመጥ?

ወገን፣ ይህን ሳልናገር ብውል ያመኛል። ስለ መንግሥት ቢሮ ሕንፃዎቻችን ነው። ስለ ሠራተኛው ጠባይ አይደለም፣ ስለ ጉቦም አይደለም፤ እሱን ሌላው በየቀኑ ይጽፈዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሕንፃው ራሱ ነው። ግድግዳው፣ ደረጃው፣ በረንዳው፣ ሽንት ቤቱ። እንጀራዬ ግንባታ ነው። ቢሮ ከመሠረት ተነስቶ ጣሪያ እስኪለብስ አብሬ ቆሜ አይቻለሁ። ፕላኑን ዘርግቼ ስመለከት የኃላፊው ክፍል አለ። የጸሐፊዋ አለ። የስብሰባ አዳራሹ አለ። መኪና ማቆሚያው አለ። ፈልጌ የማጣው ባለጉዳዩን ነው።

ደብረ ማርቆስን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ረፋድ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ክረምት ሲገባ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ዝናብ ነፋስ ይዞ በአግድም ይመታል። ከዙሪያዋ ወረዳዎች፣ ከስናን፣ ከማቻክል፣ ከአነደድ ገበሬው ቡሉኮውን ደርቦ በሌሊት ተነስቶ ይመጣል። ጉዳዩ የመሬት ደብተር ነው፣ ወይ የውርስ፣ ወይ የካሳ። ቢሮው እስኪከፈት ይጠብቃል። ከተከፈተም በኋላ ይጠብቃል። ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው ይባላል፣ አሁንም ይጠብቃል። የት ሆኖ? ውጭ። የአጥሩ ጥግ፣ ድንጋይ ላይ፣ የቆመ መኪና ጥላ ሥር። መኪናው ሲነሳ ጥላውም አብሮ ይሄዳል።

በቀደም አክስቴን ይዤ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ሌሎቹም ያው ስለሆኑ ስሙ ለውጥ የለውም። ጂ+4 ነው፣ ከምድር ቤቱ ላይ አራት ፎቅ። ፊቱ በሙሉ ሰማያዊ መስታወት፣ ጎኑ አሉሚኒየም ክላዲንግ፣ ማለትም የአሉሚኒየም ልባስ። ከመንገድ ሲያዩት ያምራል። የመሬት ጉዳይ የሚታየው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሊፍት ጉድጓድ ተሠርቶለታል፣ ሊፍቱ ግን አልገባም፤ በሩ በኮምፔንሳቶ ተዘግቷል። አክስቴ ሰባን አልፋለች፣ ጉልበቷን ያማታል። በየመታጠፊያው እየቆመች፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች። የደረጃው መደገፊያ ስለሚነቃነቅ አላመነችውም። ላይ ስንደርስ ኮሪደሩ ጨለማ ነው። ግራና ቀኝ በር፣ በር፣ በር። በሩ ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፤ ይህ አገልግሎት በዚህን ያህል ደቂቃ ይሰጣል ይላል። ወንበር የለም። ሰዉ ግድግዳ ታኮ ቆሟል። ፋይል የያዘ ሠራተኛ ባለፈ ቁጥር ሁሉም ሆዱን ሰብስቦ ወደ ግድግዳው ይለጠፋል።

መቆም ሲያቅታት ወደ ታች ወርዳ መግቢያው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ጥበቃው መጣ። «እማማ፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም፣ መግቢያ ነው» አላት። «እሽ ልጄ፣ ታዲያ የት ልቀመጥ?» አለችው። ልጁ ግራ ቀኝ አየ። የሚያሳያት ቦታ አጣ። ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ፤ እናቱን አስቦ ይሆናል። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ይህን ጥያቄ መመለስ የነበረበት ፕላኑን የሣለው ሰውና ፕላኑን ያጸደቀው ሰው ናቸው። ግንባታው ሳይጀመር፣ ወረቀት ላይ።

መስታወቱን እንየው። ጎጃም ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናታችን ብዙም አትርቅም፤ ያን ጊዜ ጣሪያና ከግድግዳው ወጣ ያለ ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ ይበቃታል። ጣጣው የጠዋቷና የከሰዓቷ ነው። ዝቅ ብላ ግድግዳው ላይ በቀጥታ ታርፋለች፣ ክፈፍም አያግዳት። ስለዚህ የሕንፃው ረጅም ፊት ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዞራል፣ አጭሩ ጎን ለምሥራቅና ለምዕራብ ይተዋል። እዚያ አጭሩ ጎን ላይ ደረጃውን፣ ዕቃ ቤቱን፣ ሽንት ቤቱን ታስቀምጣለህ። ሰው ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥበትን ክፍል አታስቀምጥም። ይህን የአንደኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ያውቀዋል። የኛ ቢሮዎች ግን ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ አስፋልቱ ነው። አስፋልቱ በምዕራብ ካለ መስታወቱም በምዕራብ ነው፣ አለቀ።

መስታወት ብርሃኑን ያስገባል። ብርሃኑ ወለሉንና ጠረጴዛውን ያሞቃል። ከነሱ ተመልሶ የሚወጣውን ሙቀት ግን መስታወቱ አያሳልፍም፣ አፍኖ ያስቀረዋል። የሞቀው አየርም መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀራል፣ እንደ ግሪንሃውስ፣ እንደ አትክልት ማብቀያው የመስታወት ቤት። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በምዕራብ በኩል ያለ ቢሮ ግቡና እዩ። ሠራተኛው ላብ በላብ ነው። መስኮቱ ከታች በኩል በጠባቡ ብቻ ይከፈታል። እናም መጋረጃ ይዘጋል። መጋረጃው ሲዘጋ ይጨልማል፣ አምፖል ይበራል። በውድ ዋጋ መስታወት ገጠምን፣ ከዚያ ሸፍነን በቀን መብራት አበራን። ጠዋት ደግሞ ያው መስታወት ብርዱን አይከላከልም፤ ሠራተኛው ጃኬቱን ሳያወልቅ ነው ኮምፒውተር የሚከፍተው። ባሕር ዳር ላይ ይብሳል። እዚያ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀቱ ሌላ ነው። ቬንትሌተር ይገዛል፣ አቅም ያለው ኤሲ ያስገባል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ወረቀት እያራገበ ይቀመጣል። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የዋለ ሠራተኛ አሥር ሰዓት ላይ ለገበሬ በትዕግሥት ያስረዳል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ?

የጥንቶቹን ቢሮዎች እዩ። አርጅተዋል፣ ጠባብ ናቸው፣ አንዳንዱ ኮርኒሱ ይፈሳል። ግን በረንዳ አላቸው። ከክፍሉ ፊት ለፊት ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ፣ ጣሪያ ያለው በረንዳ። ባለጉዳዩ እዚያ ይቀመጣል፣ በሩን ያያል፣ ስሙ ሲጠራ ይሰማል። ዝናብ ቢመጣ አይበሰብስም። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ቀን አይግልም፣ ማታ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ከዚያም ወደ ኋላ ሂዱ። የጣና ዳር ገዳማትን፣ የዘጌን ክብ አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ያውቃል። ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ዙሪያውን ይወርዳል። ከክፈፉ ሥር ሰው ይቆማል፣ ይቀመጣል፣ ይጸልያል። ፀሐዩ በዞረ ቁጥር ሰዉም ዙሪያውን ይዞራል፤ ሁልጊዜ አንድ ጥላ ያለበት ጎን አለ። ያን የሠሩት ሰዎች ውጭ የሚቆመው ሰው እንግዳ ሳይሆን የቤቱ ሰው እንደሆነ አስበው ነው የሠሩት።

ደረጃውን ደግሞ ልናገር። በ2001 ዓ.ም. የወጣ የሕንፃ አዋጅ ነበረን፣ ቁጥር 624። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ በዊልቸር ለሚሄድም፣ መራመድ እየቻለ ደረጃ ለማይወጣም ሰው የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው ያዝ ነበር። ሽንት ቤቱም ለነሱ የሚሆን እንዲሆን ያዝ ነበር። አዋጁ ከወጣ በኋላ ስንት ሕንፃ ተሠራ? ግንበኛ ሁሉ የሚያውቀው መጠን አለ፤ አንድ ሜትር ከፍታ ለመውጣት ራምፑ፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ የሚሠራው ተዳፋት መንገድ፣ 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። የኛዎቹ ሕንፃዎች የመግቢያ ወለላቸውን ለግርማ ብለው አንድ ሜትር ከፍ ያደርጉታል። ከዚያ ራምፑን በሦስት ሜትር ያወርዱታል። ሞተር ሳይክል እንኳ ጋዝ ሰጥቶ ነው የሚወጣው። ዊልቸር የሚገፋ ሰው እዚያ ላይ ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ፤ ሁለት ሰው ከኋላ፣ አንድ ሰው ከፊት፣ ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ። ለፊርማ የመጣ ሰው እንደ ዕቃ ተሸክመነው ገባን። በዚህ ላይ ወለሉ ልስልስ ሴራሚክ ነው። ሐምሌ ላይ ጭቃ የያዘ ጫማ እዚያ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ምሕንድስና አያስፈልግም። ሻካራ ሴራሚክ እዚያው ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። ድንጋይም በአገራችን ሞልቷል።

ሽንት ቤቱን ባጭሩ ልለፈው፣ ደሜ ስለሚፈላ። ተሠርቷል። ተቆልፏል። ቁልፉ ጸሐፊዋ ጋ ነው። ከገጠር በሌሊት የመጣች እናት ጸሐፊ አንኳኩታ ቁልፍ አትጠይቅም፤ ታፍራለች፣ ችላ ትውላለች።

ሰሞኑን ደግሞ በየከተማው አደባባይና መናፈሻ እየተሠራ ነው። እሰየው፣ ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው። ግን የመናፈሻዎቹን ማረፊያዎች ጠጋ ብላችሁ እዩ። አራት ምሰሶ፣ ላዩ ላይ እየተራራቀ የተደረደረ ብረት ወይም እንጨት። ለፎቶ ያምራል። ሚያዝያ ላይ ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ ስትሆን በክፍተቱ እንዳለች ትወርዳለች። ዝናቡም እንዳለ ይወርዳል። መቀመጫው ብረት ነው፤ በስድስት ሰዓት ልጅ እግሩን ቢያሳርፍበት ይጮኻል። እንዲህ ያለ ማረፊያ ሐረግ ቢወጣበት ጥላ ይሆን ነበር። ሐረግ የሚወጣበት አፈር ግን አልተተወለትም፣ ዙሪያው በሙሉ ንጣፍ ነው። አጠገቡ የነበረው ዋርካ ወይ ግራር ለሥራው ተብሎ ከተቆረጠ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው። ዋርካ ሥር ሽማግሌ ተቀምጦ ስንት ደም አድርቋል! ያን ዛፍ የሚተካ ማረፊያ እስካሁን አላየሁም።

አቅም የለንም የሚለኝ አለ። አይደለም ወንድሜ። የሰፈራችንን እድር እይ። ባንክ ውስጥ ያለው ብር ትንሽ ነው። ግን ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ የውሃ በርሜል አለው። ሰው ሲያርፍ ቀብሩ ሳያልቅ ለመቶ ሰው ጥላና መቀመጫ ይተከላል። ለሠርግ ባህር ዛፍ ቆርጠን፣ ቅጠል አልብሰን ዳስ እንጥላለን፣ ስንት መቶ ሰው ይበላበታል። እንግዳ ፀሐይ ላይ ማቆም ለኛ ነውር ነው። ይህን የምናውቅ ሰዎች ቢሮ ስንሠራ ምን ነካን?

ደግሞ ዓለም የሚያደንቀው ሥራ እንዲህ ያለው መሆኑን ልንገራችሁ። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ በምትባል መንደር የተወለደ ፍራንሲስ ኬሬ የሚባል አርክቴክት አለ። በ2001 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሠራ። ግድግዳው የዚያው መንደር ሸክላ አፈር ነው። ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ ትኩሱ አየር ከላይ ይወጣል፣ ነፋሱ በመሐል ያልፋል፣ ክፍሉ ያለ ኤሲ ይቀዘቅዛል። ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ወጥቶ ጥላ ይጥላል። የመንደሩ ሰው እጁን አውጥቶ አብሮ ገነባው። በ2017 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የሠራው ማረፊያ መነሻው መንደሩ ውስጥ ሰው የሚሰበሰብበት ዛፍ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የአርክቴክቸርን ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ወሰደ። ዛፍ፣ አፈርና ቆርቆሮ ይዞ! እኛ ዘንድም ዛፉም፣ አፈሩም፣ ቆርቆሮውም አለ።

ችግሩ የት እንደሚጀምር አውቀዋለሁ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ቆሜያለሁና። አርክቴክቱ ስሪዲ፣ ሕንፃው ሲያልቅ የሚመስለውን የኮምፒውተር ሥዕል፣ ይዞ ይመጣል። ስሪዲው ላይ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ መስታወቱ ያበራል፣ ደጁ ላይ ሱፍ የለበሱ ሰዎች ይታያሉ። ጋቢ የለበሰ ሰው የለበትም። ኃላፊዎቹ ያዩታል፣ ያምራል ይላሉ፣ ይጸድቃል። ፀሐዩ በየት በኩል እንደሚገባ የሚጠይቅ የለም። በገበያ ቀን ስንት ባለጉዳይ እንደሚመጣ የሚጠይቅ የለም። አርክቴክቱን ለብቻው ብትጠይቁት «አሠሪው መስታወት ካልሆነ አልፈልግም አለ» ይላችኋል። አንዳንዱ እውነቱን ነው። በረንዳ ስሎ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የተሰረዘበት አለ። ከመስታወቱ አንድ ካሬ ሜትር አልተቀነሰም፤ በረንዳው ነው የተሰረዘው። በዚህ ነው ልቤ የሚቃጠለው።

የተሠራው ተሠርቷል፣ አፍርሱ አልልም። ግን በሚመጣው በጀት ዓመት በየቢሮው ግቢ ውስጥ አንድ ማረፊያ ይሠራ። የድንጋይ ካብ፣ የባህር ዛፍ ምሰሶ፣ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ኮርኒስ፣ ዙሪያውን መደገፊያ ያለው የእንጨት አግዳሚ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ። ከዝናቡ በኩል ብቻ ግድግዳ ይኑረው። ስም የሚጠራበት ድምፅ ማጉያ እዚያ ይሰቀል። ዋጋውን እኔ ራሴ አስልቼ ለሚጠይቀኝ ቢሮ በነፃ እሰጣለሁ። ሁለተኛ፣ አዛውንት የሚበዛበት አገልግሎት፣ መሬትም ይሁን ጡረታ፣ ወደ ምድር ቤት ይውረድ። ለዚህ ጠረጴዛና ፋይል ማውረድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አክስቴ የወጣችበት ሕንፃ ምድር ቤቱን የያዘው የስብሰባ አዳራሽ ነው። ባለ ትራስ ወንበሮች ተደርድረውበታል። እኛ በሄድንበት ቀን ተቆልፎ ነበር።