ከሰሉ ይዘጋ፤ ሂሳቡንስ ማን ይክፈል?

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ዱባይ ላይ የተሰበሰቡት አገራት ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ ለመላቀቅ ተስማምተዋል። ሽግግሩ ፍትሐዊ እንዲሆንም በስምምነቱ ላይ ሰፍሯል። እሰየው ነው። ገንዘብ ማውጣት ላይ ሲደረስ ግን ፍትሕ የሚለው ቃል ይረሳል።

ጀርመንንና ደቡብ አፍሪካን እንይ። ጀርመን ቢዘገይ በ2038 ከድንጋይ ከሰል ለመውጣት በሕግ ስትወስን፣ ለከሰል አምራች አካባቢዎቿ እስከ 40 ቢሊዮን ዩሮ መድባለች። ደግ አድርጋለች። ዕድሜውን በማዕድን ያሳለፈ ሰው ሜዳ ላይ አይጣልም። ለደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሀብታሞቹ አገራት በ2021 8.5 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገቡላት። አብዛኛው ብድር ነው! ምፑማላንጋ ውስጥ ያለው የኮማቲ ከሰል ማመንጫ በ2022 ሥራ አቆመ። እንዲህ ያለ ጣቢያ ሲዘጋ የሚጎዳው ደመወዝተኛው ብቻ አይደለም። ምግብ የምትሸጥለት፣ ቤት የሚያከራየው፣ የሚያመላልሰው ሾፌር ሁሉ ገቢያቸው አብሮ ይቆማል። ታዲያ ይህን ቀዳዳ አገሪቱ ተበድራ ትድፈነው ማለት ምን ዓይነት ፍትሕ ነው?

«የፀሐይ ኃይል ረክሷል፤ ወደዚያ ዙሩ» የሚሉ አሉ። መርከሱ እውነት ነው። ግን ፀሐይ ነዳጅ ስለማይገዛላት ወጪው ከሞላ ጎደል በሙሉ ገና ሲገነባ ነው የሚወጣው። ይህ ደግሞ በአብዛኛው በብድር ይሸፈናል። ስለዚህ የመብራቱን ዋጋ በዋናነት የሚወስነው ወለዱ ነው። ድሃ አገር ብዙ ጊዜ በእጥፍና ከዚያም በላይ በሆነ ወለድ ስለሚበደር፣ ፓነሉ ያው፣ ፀሐዩም ያው ሆኖ ኤሌክትሪኩ ይወደድበታል። ሰዎች ይህን ነገር ሲያነሱት ብዙም አልሰማም።

ለንደን በከሰል የሚሠራ የሕዝብ ማመንጫ የከፈተችው በ1882 ነው። ብሪታንያ የመጨረሻውን የዘጋችው በመስከረም 2024። በመሃል ያለው ጊዜ ሀብት የተገነባበት ነው። አፍሪካ ውስጥ ዛሬም ወደ 600 ሚሊዮን ሰው መብራት የለውም። ብሪታንያንም አፍሪካንም ማመንጫችሁን በአንድ ቀን ዝጉ ማለት አይቻልም።

በርግጥ «ታዳጊ አገር» የሚለው ስም ለሁሉም መሸሸጊያ መሆን የለበትም። ዛሬ ከማንም በላይ ካርቦን የምትለቀው ቻይናም፣ በነዳጅ የከበሩት የባሕረ ሰላጤው አገራትም ማዋጣት አለባቸው።

ባኩ ላይ በ2024 በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ የተስማሙበት፣ ለታዳጊ አገራት የሚሰጠው ገንዘብ እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር እንዲደርስ ነው። ምን ያህሉ ብድር፣ ምን ያህሉ እርዳታ እንደሚሆን ግን አልተጻፈም። መጀመሪያ ይህ ይጻፍ። ማመንጫ ለመዝጋትና ሠራተኛን ለማቋቋም የሚሰጠው እርዳታ ይሁን፤ ብድሩ ለአዲሱ ግንባታ ይዋል፤ እሱም በዝቅተኛ ወለድ።