ከዚራ አምሮባታል፣ እኛስ?

የድሬዳዋ ልጆች፣ ነገሩን ሳላድበሰብስ ልንገራችሁ። ሰፈራችን ከዚራ አምሮባታል፤ የእኛ አያያዝ ግን አላማረም።

ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ከድሮው ምድር ባቡር ጣቢያ አካባቢ የሚንሸራሸረውን ሰው እዩ። መንገዱ ጸድቶ መብራቱ ደምቋል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወጥተው ይቀመጣሉ፤ ከሳቢያንና ከገንደ ቆሬ ሳይቀር ለመናፈስ የሚመጣ አለ። ኮሪደር ልማቱ ያመጣው ነው። ሱቁ ፈርሶ፣ ደንበኛው ተበትኖበት ወደ ጓሮ ፈቀቅ ያለ ሰውም ከፍሎበታል፤ እሱን አትርሱት።

የከዚራ ውበት ግን ዛሬ አልተጀመረም። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ይሏት ነበር። የባቡሩ ሰዎች ከዚራን ሲቀይሱ መንገዱን ቀጥ አድርገው ዛፍ ተከሉበት። በእኛ ቆላ ዛፍ ጌጥ ብቻ አይደለም። ያ ጥላ ባይኖር እኩለ ቀን ላይ በከዚራ በእግሩ የሚሄድ ሰው አይገኝም ነበር፤ ንጣፉማ ፀሐይ ሲመታው ይፋጃል።

ታዲያ ዛፉን ምን እያደረግነው ነው? አንድ የኒም ዛፍ ቀረብ ብዬ አየሁ። ባነር የታሰረበት ሽቦ ሳይፈታ ቀርቶ፣ ግንዱ ሲወፍር ቅርፊቱን ሰንጥቆ ገብቷል። ባነሩ የለም፤ ሽቦው አለ። ሥሩ ላይ የሳሙና እጣቢ ይደፋበታል። ሽቦውን ያሰረው የድሬ ሰው ነው፤ እጣቢውን የሚደፋውም የድሬ ሰው ነው፤ ጥላው ሥር ተቀምጠን ዝም የምንለውም እኛው ነን። ፒንሳ ይዞ አንድ ሽቦ ለመቁረጥ የማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ግን ቦዩ ነው። በርጫው፣ ጫት መቃሙ ማለቴ ነው፣ ሲያልቅ ገራባው፣ የተረፈው የጫት ቀንበጥ፣ ይጠረግና ወደ ውሃ መውረጃው ይገፋል። ቀንበጡ ከፌስታል ጋር ይጠላለፋል፤ ሃይላንድ ይወሸቅበታል፤ አሸዋ ይሞላበትና ይደፈናል። ከላይ አዲስ ንጣፍ፣ ከታች ድፍን ቱቦ! ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈውን ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱን ረሳችሁት? በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን፤ ሺዎችን ያለ ቤት አስቀረ። ድሬ ላይ ዳመና ሳይታይ፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ያንን ደረቅ አሸዋ ሞልቶ እንደሚወርድ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ያም ሆኖ ዛሬም በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ጎርፍ ዘመዱን የቀበረ ሰው እያየ፣ ደቻቱ ውስጥ ቆሻሻ የሚደፋ አለ። ይህ ነውር ነው።

ባጃጅ ነጂዎች፣ የእግረኛ መንገድ የእናንተ አቋራጭ አይደለም። በዚህ ላይ ብዙ አልጨምርም።

«የሚጠርግ ተቀጥሮ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ጎህ ሲቀድ መጥረጊያ ይዘው የሚያጎነብሱትን እናቶች አይታችኋል? ጠርገው ቀና ሳይሉ ከኋላቸው የሚጥል ሰው ካለ፣ አስር እጥፍ ቢቀጠርም አይበቃም። ደግሞስ መነጋገር መቼ ከበደን? በድሬ ትልቅ ትንሹ አንተና አንቺ ተባብሎ ነው የሚኖረው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው ሳይፈራራ በአደባባይ የሚገሳሰጽባት ከተማ ናት። ሃይላንድ የወረወረውን ሰው «አቦ፣ አንሳው!» ማለት ምን ያሳፍራል?

ክረምቱ ሳይገባ አንድ ነገር እንያዝ። ጫት ሻጮች፣ አጠገባችሁ ጆንያ አስቀምጡና ገራባውን እዚያ ክተቱት፤ ለፍየሉ የሚፈልገው ሰው በድሬ አይጠፋም። ባለ ሱቆች፣ ደጃፋችሁ ያለውን ቦይ እስከ ጎረቤታችሁ ድረስ ጥረጉት፤ እሱ የራሱን ካልጠረገ ሂዱና አንኳኩበት።