«እርጅና በ2 ወር ይመጣል እንዴ?»

መስከረም ጠብቶም ዝናቡ አልለቅ ብሏል። እሑድ ደብረ ማርቆስ ከሰንበቴ ስንመለስ መንገድ ላይ ያዘንና አንዲት ጠላ ቤት ተጠለልን። አራት ነን። ጡረታ የወጡ መምህር፣ በርበሬ ነጋዴ ሴት፣ አንድ ወጣት ጤና መኮንን እና እኔ።

ነገሩን ያነሳችው ነጋዴዋ ናት።

«አማቴ ጃጅተዋል» አለች። «ወጥ ላይ ጨው ሁለቴ ይጨምራሉ። ትናንት ደግሞ የገዛ ልጃቸውን በሟች ወንድማቸው ስም ጠሩት።»

«ሰባን አልፈዋል አይደል? እርጅና ነዋ!» አሉ መምህሩ፤ ጠላቸውን ጎንጨት አድርገው።

ጤና መኮንኑ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እትዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሐምሌ ወዲህ።»

«እርጅና በ2 ወር ይመጣል እንዴ? ወድቀው ነበር?»

አሰብ አደረገች። ሰኔ መጨረሻ ላይ ደጃፍ ጭቃው አዳልጧቸው ነበር። ግንባራቸው ትንሽ አበጠ እንጂ አልደሙም፣ ማንም ከቁም ነገር አልጣፈውም።

ጤና መኮንኑ ልጅ ተነሥቶ ሊቆም ምንም አልቀረው። ሰው ሲያረጅ አንጎል ትንሽ ይሟሽሻል፤ በአንጎልና በራስ ቅል መካከል ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወጠራሉ። ቀላል ግጭት ይበጥሳቸዋል። ደሙ ጠብ ጠብ እያለ በሳምንታት ውስጥ ይጠራቀምና አንጎልን ይጫናል። ሰውዬው ይረሳል፣ ያንቀላፋል፣ እግሩ ይጎተታል። ሲቲ ስካን ላይ ይታያል፤ ሐኪም ራስ ቅሉን በትንሹ በስቶ ያፈስሰዋል። «ብዙዎቹ ወደ ልባቸው ይመለሳሉ» አለ።

መምህሩ አልተዋጠላቸውም። «እናንተ ሁሉን በሽታ ስታደርጉ ሰው ማርጀት ሊከለከል ነው። አባቴ ቅኔ የተቀኙ ናቸው። ዘጠና ሞልቷቸው እንኳ ቃል አልሳቱም። ቅኔ የቆጠረ አይጃጅም!»

«ግማሹ እውነት ነው፣ ጋሼ። ትምህርት አንጎልን ያጠነክራል። ግን የተማረም ይታመማል።»

ነጋዴዋ ትዕግሥቷ አለቀ። «ወስደናቸዋል እኮ! አንድ ጤና ተቋም ሄድን፣ ግፊታቸውን ለኩ፣ እርጅና ነው ብለው መለሱን። ወንበሩ እንኳ አልሞቀም። ዘመድ ደግሞ ጠበል ይግቡ ይላል።»

ልጁ ለአፍታ ዝም አለ። የሙያ ጓደኞቹ ናቸውና አፈረ መሰለኝ።

«ጠበሉ ይቀጥል። ደማቸው ግን ይታይ» አለ በመጨረሻ። የሚድኑ የመርሳት ምክንያቶች አሉ። ቫይታሚን ቢ 12 ሲያንስ አእምሮ ይደክማል፤ ይህ ቫይታሚን ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ሴትዮዋ አንድም ጾም አያልፋቸውም። ስኳርም አለባቸው፣ ለዓመታት ሜትፎርሚን ይወስዳሉ፤ እሱም ቢ 12ን ይቀንሳል። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ሲያንስም ሰው ይፈዛል፣ ይረሳል። ይህን ሁሉ የደም ምርመራ ይናገራል። ድብርትም መርሳት መስሎ ይመጣል።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ሌሊት አልተኛ ሲሉ የእንቅልፍ ክኒን ገዝተን እንሰጣቸዋለን። ጉንፋን ሲይዛቸው ደግሞ ያቺን የምታስተኛዋን።»

ልጁ ራሱን ያዘ፤ እነዚህም ያረጀን ሰው ሊያፈዙና ሊያስረሱ ይችላሉ። እሷም ቢሆን በክፋት አላደረገችውም፤ ስንቱ ቤት እንዲሁ ነው።

«እሺ፣ እኛስ ምን ይሻለናል?» አልኩ፣ ነገሩ እንዲበርድ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች በ2024 እ.ኤ.አ. 14 ነገሮች ቆጥረዋል አለ። ሁሉም ቢስተካከሉ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር። ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ መጠጥ መብዛት (ጎጃሜ አረቄውን ይይልኝ)፣ ያልታረመ የዓይን ችግር፣ ብቸኝነት፣ የአየር ብክለት። የማድ ቤታችን ጭስም ከዚያው ወገን ነው። ከትልልቆቹ አንዱ ደግሞ የመስማት ችግር።

መምህሩ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጠጋ አሉ። «ምን አልክ?»

ጠላ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ለምን እንደሳቅን አልገባቸውም።

እኔ እንዴት ፈረድኩ? ልጁ ትክክል ነው፣ ግን ችኩል ነው። «ይድናሉ» የሚል ተስፋ ከአፉ ቀድሞ ወጣ። አልዛይመርን የመሰለው አብዛኛው የመርሳት በሽታ ፈውስ የለውም፤ ሙሉ በሙሉ የሚመለሰው ጥቂቱ ነው። ሊል የሚገባው «ከጥቂቶቹ ይሆኑ እንደሁ እንይ» ነበር። ነጋዴዋም አዋጥቶ ሲቲ ስካን ወዳለበት ከተማ ማመላለስ ቀላል እንዳልሆነ ብትናገር አልፈርድባትም። ቢሆንም እኔ ብሆን ከውድቀቱ እጀምር ነበር፤ እሱ ቀን አይሰጥም። ክኒኖቹን ሁሉ በፌስታል ይዤ ሐኪም ፊት እዘረግፋለሁ። የእንቅልፉን ግን በራሴ ድንገት አላቋርጥም፣ እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ደሙ ከዚያ ይከተላል።

መምህሩን ደግሞ፣ ጆሯቸውን እስኪያሳዩ ድረስ፣ ስለ ቅኔ አልከራከራቸውም። አይሰሙኝማ።